የመጀመሪያው ጠርሙስ

ቶንብራ እሑድ ማታ እመለሳለሁ ብሎ ነበር የሄደው። ሰኞ ረፋዱ ላይ ታንኳው ገና ብቅ አላለም።

እናቱ ላዬፋ ከንጋት ጀምሮ ወንዙ ዳር ነች። መጀመሪያ ዕቃ ላጥብ ብላ ወረደች፤ ዕቃው ታጥቦ አለቀ። ቀጥላ የተሰጣውን ዓሣ ላገላብጥ ብላ ወረደች፤ ዓሣው ሦስት ጊዜ ተገላበጠ። አሁን ሰበብ ስላለቀባት ዝም ብላ ቆማ የወንዙን መታጠፊያ ታያለች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ዳር የኖረች ሴት ታንኳ እንደሚዘገይ አይጠፋትም፤ ማዕበል አለ፣ ሞቅታ አለ፣ የደጋሽ ቤት ጭፈራ አለ። ቢሆንም ዓይኗን ከመታጠፊያው አልነቀለችም።

ልጇ የሄደው ወደ ታች የሁለት ሰዓት ቀዘፋ ወደምትርቀው ወደ ኬሬማ ነው። የአጎቱ ልጅ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ ሲልክ መጠጡን ላዬፋ ታውጣልን ተባለ። በዚያ ረግረግ አገር ሽማግሌ ፊት ቢራ ይዞ ቀርቦ ልጃችሁን ስጡን የሚል ሰው የለም። ለሞቱት የሚፈሰው፣ ላሉት የሚቀዳው ኦጎጎሮ ነው፤ ከዘንባባ ጠጅ በበርሜል የሚወጣ አረቄ። ሕዝቡ የሚጠጣው በጀሪካን ይሄዳል። ነገሩን የሚከፍተው ግን ለብቻው በጠርሙስ ተደርጎ ይቀርባል፤ እሱን የሚቀምሱት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ያመጣው ሰው በሁሉ ፊት ይጨልጣል፣ ከዚያ የሙሽራዋ ወገን ታላቅ፣ ከዚያ ምስክሩ። ያመጣው ሰው ቶንብራ ነው።

አረቄ ከተከለከለ ደግሞ ሦስተኛ ወሩ ነው። ሩቅ ከተሞች ውስጥ ኬሚካል የተቀላቀለበት አረቄ ጠጥተው ዓይናቸው የጠፋ፣ የሞቱም ሰዎች እንዳሉ ሬዲዮው ተናገረ። መንግሥትም የቀላቀለውን ሰው ከመፈለግ ይልቅ በርሜል መስበሩ ቀለለው። የፖሊስ ጀልባ መጥረቢያ ጭኖ ወንዙን ሽቅብ መጣ ሲባል ላዬፋና ምራቷ ዋሬቢ በርሜሉን ውሃ ውስጥ አሰጠሙት፣ የመዳብ ቧንቧውን ረግረጉ ጭቃ ውስጥ ቀበሩት። በርሜል ሌላ ይገኛል፤ ቧንቧው ግን ከአማቷ የወረሰችው ነው፣ ምትክ የለውም። ስድስት ሳምንት ጨዋማ ጭቃ ውስጥ ሰንብቶ የወጣው ለዚህ ለኬሬማው ጉዳይ ነበር። በዚያው ሳምንት ላዬፋን ወባ ጣላት። እሳቱን ያነደደችውም፣ አረቄውን ያወረደችውም ዋሬቢ ብቻዋን ነች።

ከመታጠፊያው በኩል አንድ ታንኳ ብቅ ሲል ላዬፋ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገባች። የቶንብራ አልነበረም። ዓሣ ነጋዴዋ አዪባ ነች፤ የመንደሩን ወሬ ከዓሣዋ ጋር አብራ የምትቸረችር ሴት።

"ዛሬስ ውሃ ውስጥ ገብተሽ ነው የምትቀበዪኝ? እንዲህ መወደዴን ባውቅ ዋጋ እጨምር ነበር" አለች አዪባ። ቀና ብላ የላዬፋን ፊት ስታይ ግን ፈገግታዋ ከሰመ።

"ቶንብራን አይተሽዋል?"

"አላየሁትም። የሰማሁት ነገር ግን አለ። ውጪና ቁጭ በይ።"

"እዚሁ ንገሪኝ።"

"ኬሬማ ላይ ሰው ታሟል። ቅዳሜ ሲጠጡ አምሽተው ሌሊቱን ሲያስታውኩ አደሩ አሉ። ትናንት ክሊኒክ ወስደዋቸዋል። ፖሊስም መጥቶ ዙኩሞርን ይዞታል፤ እሱም አረቄ ሸጦላቸው ነበርና።"

"ስንት ሰው?"

"ሦስት።"

"ሦስት ብቻ? ሌላው ሰውስ?"

"ሌላውማ ምን ሆኖ፣ ሲጨፍር ነው ያደረው። አንዱ የሙሽራዋ አጎት ነው፣ ሽማግሌው ኦጎሎ። አንዱ ጎረቤታቸው ነው።" አዪባ መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋደመችው። "አንዱ ደግሞ መጠጡን ያመጣው ሰው ነው አሉ። ስሙን አልነገሩኝም፣ በእውነት።"

ስሙን መንገር አያስፈልግም ነበር። ሦስት ሰው ብቻ ከታመመ ነገሩ ከጀሪካኑ አይደለም፤ ከመክፈቻው ጠርሙስ ነው። ላዬፋ ይህን ለማስላት አፍታም አልፈጀባትም። የመክፈቻውን ጠርሙስ ያዘጋጀው ዙኩሞር አይደለም፤ ከእሷ ቤት የወጣ ነው።

"በሕይወት አሉ?" አለች።

"ትናንት ማታ ድረስ ነበሩ። የዛሬውን እንግዲህ..." አዪባ መቅዘፊያዋን አነሳች።

ላዬፋ ወደ ቤት ስትወጣ የረጠበ ቀሚሷ እግሯ ላይ እየተጠመጠመ ሊጥላት ነበር። ዋሬቢ ከጓሮ ካሳቫ ትልጣለች፤ የአራት ወር ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ይህች ልጅ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራ አትንቅም፣ ክፉ ቃል አይወጣትም። ላዬፋ ለሰው ስትናገር ምራቴ ብላ አታውቅም፣ ልጄ ነው የምትላት።

"ዋሬቢ፣ ያን ቀን መጀመሪያ የወረደውን ጠርሙስ ምን አደረግሽው?"

ቢላዋው ቆመ። "የቱን?"

"የወንዙን ነዋ። መጀመሪያ የሚወርደውን።"

"እማማ፣ እንዳይቆጡኝ።"

"ቁጣው ይቆይ። ተናገሪ።"

"ፓስተር ለወንዝ ማፍሰስ ከውሃ መንፈስ ጋር ቃል ኪዳን መግባት ነው ብሏል። እኔ ደግሞ ልጅ አለኝ። ወንዙ ዳር ይዤው ወርጄ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።"

"እምቢ ካለሽ ታዲያ ጭቃው ላይ አትደፊውም?"

"ሙሉ ጠርሙስ እኮ ነው፤ መድፋቱም ኃጢአት መሰለኝ።" ዋሬቢ አንገቷን ደፋች። "በኩራት፣ የመጀመሪያው ፍሬ፣ ለታላቅ ነው የሚሰጠው ተብለን ተምረናል። ለወንዝ ካልሰጠሁት ለሽማግሌዎቹ ይሁን አልኩ። ለመክፈቻው ጠርሙስ እሱን ሞላሁት። ላከብራቸው ብዬ ነው እማማ። ምነው? ምን ሆነ?"

ላዬፋ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ ጥሳ በርሜሉ ወደተደበቀበት ሄደች። ቧንቧውን ነቅላ አዘነበለችው፤ የቀሚሷን ጫፍ ጠቅልላ በጣቷ አፉ ውስጥ ከታ አዞረችው። ስታወጣው ጨርቁ እንደ ረግረግ አልጌ አረንጓዴ ሆኗል። በምላሷ ጫፍ ነካችውና ተፋችው። ሳንቲም ሳንቲም ይላል።

ይህን ጣዕም ታውቀዋለች። ቧንቧው ሰንብቶ በሠራ ቁጥር የመጀመሪያው ጠርሙስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆኖ፣ እንዲህ እየመረረ ነው የሚወርደው። አማቷ አረቄ ማውጣት ስታስተምራት ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይሄ የነሱ ነው፣ አንነካውም። እነሱ ማለት ወንዙ ውስጥ ያሉት፣ የሞቱት ናቸው። ላዬፋም አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳታጓድል አፈሰሰችላቸው። ሙታን መራራ ነገር ይወዱ ይሆናል ብላ ነው የምታስበው። ለምን ብላ አልጠየቀችም፣ ለዋሬቢም ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። የማታውቀውን ከየት አምጥታ ትንገራት? ያ ሁሉ ዘመን የቧንቧውን እጣቢ ሲቀበሏት ኖረው፣ ዘንድሮ ልጇ ጠጣው።

ፓስተሩን ልትረግም ፈለገች። ፖሊሱንም፣ ቧንቧውን ጭቃ ያስገባውን ሬዲዮም። ጊዜ አልነበራትም። ክሊኒክ ያለችው ነርስ እንደማንኛውም ሰው ሬዲዮ ትሰማለች፤ የነዚህን ሰዎች ሕመም ያ ከተማ ያለው ነው ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ይሆናል። ምን እንደጠጡ ካልተነገራት ምን ብላ ታክማቸዋለች? የሚነግራት ሰው ደግሞ ያን አፉን ይዞ ከፖሊስ ጋር ይሄዳል።

"ልጅሽን እዘዪ" አለች ለዋሬቢ። "ቶንብራ ታሟል። መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።"

ዋሬቢ ከፊት፣ ላዬፋ ከኋላ ሆነው ቀዘፉ። ላዬፋ እየቀዘፈች ሁሉንም ነገረቻት፤ ዋሬቢ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ማቃሰት አለችና መቅዘፊያዋን ሳታቆም አለቀሰች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ አብሮ ይነቀነቃል።

"አሁን ስሚኝ" አለች ላዬፋ። "ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወባ አልያዘኝም፣ አልተኛሁም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔ ነኝ።"

"እማማ፣ ውሸት እኮ ነው።"

"ውሸት ነው። ኃጢአቱን እኔ እወስደዋለሁ፤ አንቺ የምትናገሪው የለም፣ ዝም ነው የምትዪው። ዝም ማለት ደግሞ መዋሸት አይደለም፣ ፓስተርሽን ጠይቂው።"

"እርስዎ አሮጊት ነዎት። እስር ቤት..."

"አሮጊት ስለሆንኩ ነው። እዚያ ሆኜ ማንንም አላጠባም። አንቺን ቢወስዱሽ ይሄን ልጅ በምን ላሳድገው? በአረቄ?" ዋሬቢ እጇን ወደ ኋላ ልካ የሕፃኑን እግር ያዘች። "በልጅሽ ይዤሻለሁ። ዝም እላለሁ በዪኝ።"

"ዝም እላለሁ" አለች ዋሬቢ ከብዙ ቀዘፋ በኋላ።

ላዬፋ የልጅቷን ማጅራት እያየች ቀዘፈች። ይህች ልጅ ውሸት አይሆንላትም፤ የተሰበረ ሳህን እንኳ ሳትጠየቅ የምትናገር ነች። ፖሊስ ፊት ስትቆም ትፈነዳለች፣ እኔ ነኝ ትላለች፤ ያን ጊዜ ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው። ላዬፋ የምታምንበትንም የማታምንበትንም ሁሉ ጠራች። አፏን ያዙልኝ ብላ ወንዙንም ለመነች፣ የዋሬቢን አምላክም ለመነች።

የኬሬማው ክሊኒክ በረንዳ ላይ ዙኩሞር ከምሰሶ ጋር በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ ከድሮም የለም፤ በቀረችው አያት።

"መጣሽ?" አለ። "በርሜሌን በመጥረቢያ ሲፈልጡት ከእኔ ሌላ ማን ሸጠላቸው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ስምሽን አልጠራሁም።"

"ለምን?"

"የላዬፋ አረቄ ሰው አያሳምምማ። ምን ብዬ ልጥራ?" ሰላሳ ዓመት ገበያ ተሻምተዋል፣ ተሰዳድበዋል፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ላዬፋ ልታየው አልቻለችም፤ አልፋው ገባች።

ሦስቱም አልጋ ላይ ናቸው። ቶንብራ ከበሩ አጠገብ ተጋድሟል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ደረቱ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ላዬፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግንባሩን ዳሰሰችው፣ ጉንጩን ዳሰሰችው። እማ አላት፤ ድምፁ የሱ አይመስልም። ዋሬቢ እግሩን ይዛ መሬት ላይ ተንበረከከች።

ነርሷ ግሉኮስ እየቀየረች ነበር። "ቤተሰብ ናችሁ? አሁን አታስቸግሩት" አለች። "ዓይናቸውን ነው የምጠብቀው። ትልቁ ሆስፒታል ልልካቸው ነበር፣ በጀልባ አራት ሰዓት ነው፣ ሽማግሌው ግን መንገዱን አይችለውም ብዬ ፈራሁ።"

"ሲስተር፣ ዓይናቸው አይደለም" አለች ላዬፋ። "ኬሚካል የለበትም። ቧንቧው ነው። መዳብ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ሰንብቶ ዝጎ ነበር፤ ዝገቱን ነው የጠጡት።" የቀሚሷን ጫፍ ፈትታ አሳየቻት።

ነርሷ ጨርቁን ተቀብላ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። "ትናንት የት ነበርሽ?" አለቻት፤ መልስ ሳትጠብቅ ለሐኪሙ ልትደውል ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሮጠች።

ስትወጣ አንድ የፖሊስ ሳጅን በሩ ላይ ቆሟል። ፔሬ ይባላል፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሁሉንም ሰምቷል።

"እማማ፣ አረቄው የርስዎ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ያወጡት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።" ዋሬቢን ላለማየት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ታያለች። እስር ቤቱን መንገድ ላይ ተዘጋጅታበታለች። በርሜሉን፣ ቧንቧውንም ቢሆን በልቧ ተሰናብታቸዋለች።

ሳጅኑ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ። "እኔም የዚህ ወንዝ ልጅ ነኝ። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችኝ፤ ይሄን የለበስኩትንም ያገኘሁት በዚያ ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለወንዙ አላፈሰሱም?"

ከበረንዳው የዙኩሞር ካቴና መንኳኳቱን ተወ። ላዬፋ ይህ ጥያቄ ይመጣል ብላ አላሰበችም። ፖሊስ ይህን አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቅ የሰፈር ሰው ነው፤ መልሱም ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለሰፈር የሚሄድ ነው።

"አላፈሰስኩም" አለች።

"ለምን?"

ምን ትበል? ረሳሁ ብትል አርባ ዓመት የሠራችውን ረሳች ብሎ የሚያምን የለም። ታምሜ ነበር ብትል ታዲያ ማን አወጣው ይላታል። ፊቷ ጋለ። "ስስት ይዞኝ" አለች። "ሙሉ ጠርሙስ አሳሳኝ።"

ከማዕዘኑ አልጋ ሽማግሌው ኦጎሎ ዓይኑን ገለጠ። "ላዬፋ" አለ። ቃሉን በደከመ ትንፋሽ ነበር የሚያወጣው። "የሌላውን ሰው አረቄ ከመቅመሳችን በፊት እናሸት ነበር። የአንቺን አንድም ቀን አሽትተን አናውቅም።" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቶንብራ በክርኑ ሊነሳ ሞከረ። የወባዋን ኪኒን ከከተማ ገዝቶ ያመጣላት እሱ ነው፤ ያን ሳምንት ከመኝታዋ እንዳልተነሳች ያውቃል። መጀመሪያ እናቱን አየ፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። ዋሬቢ አፏን ከፈተች። ላዬፋ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ አየቻት፤ በልጅሽ ይዤሻለሁ የሚል ዓይን ነው። ዋሬቢ አፏን ዘጋች፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ አዙራ ጡቷን አጎረሰችው።

"እማ፣ አንቺ እኮ..." አለ ቶንብራ።

"ተኛ" አለችው። "ተኛ ልጄ፣ ዳን ብቻ።" ትራሱን አስተካከለችለት። ተመስገን፣ አለፈ፣ አለች በልቧ።

ሳጅኑ የዙኩሞርን ካቴና ፈትቶ በኪሱ ከተተው። "የርስዎን እጅ አላስርም" አላት። ዙኩሞር እጁን እያሻሸ ጉሮሮውን ጠረገ። ተራውን የሚሳደብ መስሏት ጠበቀች። መንገድ ለቀቀላት እንጂ ምንም አላለም፤ ቢሰድባት በስንት ጣዕሙ።

የፖሊሱ ጀልባ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ታስሯል። ላዬፋ መካከል ላይ ተቀመጠች። ዋሬቢ ተከትላ ወርዳ ማቆሚያው ጣውላ ላይ ቆመች፣ ሕፃኑ ጡቷ ላይ ነው። ሌላኛው ፖሊስ የሞተሩን ገመድ ሳበ፤ ሞተሩ አስሎ ቆመ። ላዬፋ ዋሬቢን አየች። አሁን ትጮሃለች፣ ጣውላው ላይ ትንበረከካለች ብላ ልቧ ተንጠለጠለ። ዋሬቢ የሕፃኑን ራስ ትዳብሳለች። ገመዱ እንደገና ተሳበ፣ እንደገና አስሎ ቆመ።

"ይሄ ደግሞ አረቄ ነው እንዴ የሚጠጣው" አለ ፖሊሱ። ማንም አልሳቀለትም።

በሦስተኛው ተነሳ። ዋሬቢ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ጀልባው መታጠፊያውን ዞሮ ክሊኒኩ ከዓይን ሲሰወር ላዬፋ እፎይ ልትል አየር ሳበች፤ እፎይታው አልመጣም። ዝም በዪ ብላ የለመነቻት ራሷ ነች፤ ልጅቷም ቃሏን ጠብቃለች፤ ምንም አላጠፋችም። ላዬፋ ግን ሳጅኑ ሲጠይቃት፣ ሽማግሌው ፊቱን ሲያዞርባት፣ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ሁሉ ፈርታ ሳይሆን ተስፋ አድርጋ ስትጠብቅ የነበረው ዋሬቢ እንድትናገር እንደነበር ገባት።